የጋሽ በየነ ጀርባ

"ሰማሽ? ያ ጀርባቸውን የሚያማቸው ሰውዬ፣ ጋሽ በየነ፣ አረፉ እኮ።"

የነገረችኝ ድሮ አብራን አውሮፕላን ታጸዳ የነበረች ሴት ናት። የከተማው ባቡር፣ ፔንደልቶጉ ውስጥ ተገናኝተን ገና ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ነው ያፈረጠችው። "ጀርባቸው ነው አሉ ለዚህ ያበቃቸው" ስትል ደሜ ፈላ። "ጀርባ ሰው ይገድላል እንዴ? አስም ነው! አስም!" ብዬ ስጮህ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ስዊድናዊ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ኧረ በስመ አብ! እኔ ምን አደረግኩሽ? የሰማሁትን ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ምን አደረገች። እንባዬ ሲመጣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የምወርድበት ጣቢያም አለፈኝ።

ቀብራቸው ላይም ያው ነበር። የጸሎት ቤታቸው ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነቡ "ለብዙ ጊዜ በጀርባ ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው" አሉ። አስም የምትል ቃል ከማንም አፍ አልወጣችም። እኔ ከኋላ ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ቀብር ላይ አይጮኽማ። እዚህ ግን ልናገር፣ ማንም አይከለክለኝም።

ጋሽ በየነን ያወቅኳቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሜርስታ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ ስጀምር ነው። ያኔ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ከሥራ ቱታቸው ሥር ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በሱዳን በኩል ነው የመጡት። ባለቤታቸው እዚያው ካርቱም ሞተውባቸዋል፣ ልጅም የላቸው። ስፖንጋ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብቻቸውን ማለቴ ለመተኛቱ ነው እንጂ ቤታቸው ሰው አይጠፋበትም። የጴንጤዎቹ ጸሎት መሪ ስለነበሩ የጨነቀው፣ የታመመው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የተከለከለው ሁሉ የሚሮጠው እሳቸው ጋ ነው።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ምላሴም አያርፍ። አለቃችን ምን አስቦ አንድ ላይ እንደመደበን አላውቅም። መንገደኛው ወርዶ ሌላው እስኪገባ ባለችው አጭር ጊዜ፣ ከኋላው ወንበር ጀምረን ወደ ፊት እንመጣለን። እኔ የወንበሩን ኪስና ጠረጴዛውን፣ እሳቸው ወለሉን። ረቡዕና ዓርብ ምሳዬን ስከፍት "ዛሬም ያችን ካሮት ይዘሽ መጣሽ? ምን በድላሽ ነው?" ይሉኛል። "እርስዎ ሥጋዎን ይብሉ፣ እኔ ለሁለታችንም እጾማለሁ" እላቸዋለሁ። ከት ብለው ይስቃሉ። የሳቃቸው መጨረሻ ሁልጊዜ ሳል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም።

አንድ ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል ጋሽ በየነ የሉም። ወለሉ እንዳለ ነው፤ መጥረጊያ ማሽኑ መሃል መንገድ ላይ ተጋድሟል። ፈልጌ ፈልጌ አውሮፕላኑ ጭራ ላይ፣ ምግብ የሚዘጋጅባት ጠባብ ቦታ አገኘኋቸው። የምግብ ጋሪው ላይ ክርናቸውን ተክለው፣ ራሳቸውን ደፍተው ቆመዋል። ትከሻቸው ይወጣል ይወርዳል፤ ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል።

"ጋሼ! ምን ሆኑብኝ?"

ጣታቸውን አነሡ። "ቆይ... አየር... እየመጣ ነው" አሉ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ከሸሚዛቸው ኪስ ሰማያዊ ስፕሬይ አውጥተው ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ትንሽ ቆይተው ደገሙት።

"አስም አለብዎት እንዴ?"

"የለብኝም።"

"እና ይኼ ምንድን ነው?"

"ከአስም ተፈውሻለሁ።"

"ማነው እንደዚያ ያለው?"

"እኔ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ምሳ ላይ ነገሩኝ። ባለፈው በጋ ትልቅ የጸሎት ጉባኤ ነበራቸው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላቸው። የዚያን ሰሞን ደረታቸው ክፍት አለላቸው። ደረጃ ሳይቆሙ ወጡ፣ ዘመሩ፣ እንደ ሰው ጋደም ብለው አደሩ። ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስበው ጣሉ። እሑድ ማይክራፎን ፊት ቆመው "ጌታ ፈውሶኛል፣ ከእንግዲህ መድኃኒት አልነካም" ብለው መሰከሩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ አሉኝ። ምስክርነቱ በካሴት ተቀዳ። ካሴቱ ተባዝቶ በየስደተኛ ካምፑ፣ ኖርዌይ፣ አዲስ አበባ ሳይቀር ደረሰ። ብርዱ ሲገባ ግን አስሙ ተመለሰ።

"ታዲያ ተመለሰብኝ ማለት ነዋ!" አልኳቸው።

"ለማን ልበል? ያንን ሰምቶ ተንበርክኮ ለሚያለቅሰው?"

"እሺ እኔ ፊት ለምን ሳቡት?"

"አንቺማ የኛ ቤት ሰው አይደለሽ" አሉና ፈገግ አሉ። "አንቺ ፊት መተንፈስ እችላለሁ።"

ጀርባው የመጣው ከሳሉ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ይኼን ማንም እንዳይሳሳትብኝ። ሲነሣባቸው ሌሊቱን ሲስሉ፣ አየር ፍለጋ ትከሻቸውን ሲጎትቱ ያድሩና ጠዋት ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ግትር ብሎ ይቀራል። ማጎንበስ ያቅታቸዋል፣ ቀና ማለቱ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ሳል ስትመጣ ጎናቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነው የሚስሏት። አንድ እሑድ በጸሎት መሃል ወንበር ጨብጠው ሲያቃስቱ አንዲት እህት "ምነው ጋሽ በየነ?" ስትላቸው "ጀርባዬን" አሉ። እውነት ነው፣ ጀርባቸውን አሟቸዋል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉም ነገር ጀርባ ሆነ። ደረጃ መሃል ሲቆሙ ጀርባቸው፣ ዝማሬ ሳያልቅ ሲቀመጡ ጀርባቸው።

አንጀቴን የሚበላኝ የሰዉ ፍቅር ነው። አንዱ የወገብ ቀበቶ፣ አንዷ ከአገር ቤት የተላከላት ቅባት፣ ሌላው ደግሞ "ለጀርባ ጠንካራ ፍራሽ ነው የሚሻለው" ብሎ ፍራሽ በመኪና ጭኖ መጣላቸው። እጃቸውን ይዘው በጀርባቸው አስተኟቸው። በጀርባቸው ከተኙ እኮ መተንፈስ አይችሉም! ፈገግ ብለው፣ አፋቸውን ዘግተው፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። ሰው ሲወጣ ተነሥተው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው አደሩ። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ "ምን ዓይነት ጉድ ነው ይኼ" ብዬ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሐኪም ጋ መሄዱም ሌላ ጣጣ ነበር። የጸሎት ቤታቸው ሴቶች ግማሾቹ የሚሠሩት በጤና ሥራ ነው። ስፖንጋ ጤና ጣቢያ ቢገቡ አንዷ እህት ነጭ ለብሳ ብቅ ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ አቋርጠው ሁዲንጌ ይመላለሱ ነበር። እዚያ የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራ አንዲት ባለሙያ ብዙ ነገር አሳየቻቸው። ሲነሣባቸው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ፊት ዘንበል ይላሉ፤ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ትከሻቸውን ይለቃሉ፣ ከንፈራቸውን ጠበብ አድርገው አየሩን ቀስ ብለው ያስወጣሉ። ሲተኙ ከኋላቸው ትራስ ደርድረው ቀና ይላሉ። ለጀርባቸው የሞቀ ውኃ በላስቲክ ከረጢት ሞልተው፣ በሹራብ ጠቅልለው ይደገፉታል። "እንዲህ ጎንበስ ብዬ ስቀመጥ ያየኝ ሁሉ የሚጸልይ እየመሰለው ቀስ ብሎ በእግሩ ጣት እየረገጠ ያልፋል" አሉኝ አንድ ቀን። ሥራ ላይ ሲብስባቸው ጋሪው ላይ ይደገፉና እኔ በጡጫዬ ከአከርካሪያቸው ግራና ቀኝ እጫናለሁ። "ቀስ! የጴንጤ ጀርባ ነው፣ የጠላት አይደለም" ይሉኛል። "ዝም ብለው ይተንፍሱ!" እላቸዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን። አንድ የጸደይ ሰሞን፣ ዛፉ ሁሉ ቢጫ ብናኙን በሚረጭበት ጊዜ፣ ስፕሬዩም አልይዝ አላቸው። ብቻቸውን መሄድ ስለፈሩ ሁዲንጌ ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል እንደገባን አንዲት ልጅ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ወንበር ጨብጣ ስታቃስት አየሁ። እኔ አላወቅኳትም። እሷ ግን ጋሽ በየነን ስታይ ፊቷ በራ።

"ጋሽ በየነ! ማን ነገረዎት? ሊጸልዩልኝ መጡ?"

ትዕግሥት ትባላለች። ከካምፕ ወጥታ ወደ ጸሎት ቤታቸው ከመጣች ገና ብዙ አልሆናትም። ጋሽ በየነ ደርቀው ቀሩ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ስፕሬዩን እንደጨበጡ አውቃለሁ። "አዎ ልጄ" አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ጸለዩላት። ቃሉ በየመሃሉ እየተቆረጠባቸው ነው የጸለዩት፤ እሷ ግን ከልባቸው ስለሆነ መሰላት። ሲጨርሱ እጃቸውን ይዛ፣ በዚያች ባጠረች ትንፋሿ ነገረቻቸው። ካምፕ ውስጥ ካሴታቸውን ሰምታለች። የዚያኑ ዕለት መድኃኒቷን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትታለች፤ እስከዛሬም አልነካችም። "ዛሬ እንኳ ጎረቤቴ ናት በግድ ያመጣችኝ፤ እምነቴ አንሶ ነው። እርስዎ ግን እንዴት ቻሉት?" አለች። ነርሷ መጥታ ወሰደቻት። ጋሽ በየነ ወለሉን እያዩ ቀሩ፤ ስማቸው ሲጠራም አልሰሙም። እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ ያስነሣኋቸው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ትሞታለች።"

"አውቃለሁ።"

"አውቃለሁ ምን ያደርጋል? ይንገሯታ!"

"እግዚአብሔርን ሐሰተኛ ላድርገው?"

"እሱ ምን አለ? ካሴቱ ላይ የሚያወሩት እርስዎ ነዎት!"

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጀርባቸው እየጠዘጠዛቸው ወንበሩ ላይ ሲገላበጡ ሹራቤን አጣጥፌ ከኋላቸው አስገባሁላቸው። ስፖንጋ ልንደርስ ስንል "ለብቻዋ ብነግራት አታምነኝም፣ እምነቷን የምፈትን ይመስላታል" አሉ። "በማይክራፎን ያልኩትን በማይክራፎን ነው የምመልሰው። እሑድ ነይ። የሚያውቅ አንድ ፊት ልይ።"

ሄድኩ። ከስዊድኖች በሰዓት የሚከራዩት አዳራሽ ነው። ነጠላዬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ከኋላ ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ በየነ ተነሡ። መድረክ መሪው "ሃሌ ሉያ! ጋሽ በየነ የጀርባቸውን ፈውስ ሊነግሩን ነው!" አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እሳቸው አትሮንሱን ተደግፈው፣ እልልታው እስኪበርድ ጠበቁ።

"እልል አትበሉልኝ" አሉ። "ጀርባዬ ከሳል ነው። ሳሉ ከአስም ነው። አስሙ ተመልሶብኛል፤ ከተመለሰም ቆየ። ጌታ አልዋሸም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የኔን ካሴት ሰምቶ መድኃኒቱን የጣለ ካለ ዛሬውኑ ሄዶ ያምጣ። ለነፍሱ ብላችሁ ንገሩት።" ከዚያ ስፕሬዩን አውጥተው እዚያው ማይክራፎኑ ፊት ሳቡት። ድምፁ በየስፒከሩ ወጣ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ አፏን በእጇ ያዘች። ቀና ብዬ ሳይ፣ ቴፑን የሚይዘው ወንድም ጣቱን ከማጥፊያው ላይ እያነሣ ነበር። መቼ እንዳጠፋው እንጃ፤ የዚያን ቀን ካሴት ግን እስከዛሬ የሰማ ሰው አላገኘሁም።

አንድ ሽማግሌ ቶሎ ብለው ማይክራፎኑን ተቀበሉ። "ወንድማችን ደክሟቸዋል፣ በመዝሙር እንቀጥል" አሉ። ትዕግሥት ከመሃል ተነሥታ፣ ሰው እየገፋች ወጣች። ጋሽ በየነ ተከተሏት፤ እኔም ተከተልኩ። ከበሩ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ደረስን። ልቅሶው ትንፋሿን ቆልፎባት ታፏጫለች።

"ታዲያ እኔ አሁን ማንን ልመን?" አለቻቸው። በጠላት ዓይን ነበር ያየቻቸው።

"እሱን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። አሁን ተንፍሺ።"

ጀርባቸውን ደግፈው፣ እያቃሰቱ አጠገቧ ተቀመጡ። ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አሳዩዋት፤ ስፕሬዩን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ዘረጉላት። አፍጥጣ አየችው። በመጨረሻ ተቀበለቻቸው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲተነፍሱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ። ውስጥ መዝሙሩ ደምቋል። ማንም አልወጣም።

አላባረሯቸውም። ምነው ባባረሯቸው! ጸሎት መሪነቱን "ይረፉ" ብለው ለሌላ ሰጡባቸው። ያ ሰው የማይጠፋበት ቤት ጭር አለ። ክፋት ይዟቸው አይደለም፤ ምን እንደሚሏቸው ጠፍቷቸው ነው መሰለኝ። በር ላይ ሲያገኟቸው፣ ያ እሑድ ጭራሽ እንዳልነበረ ሁሉ፣ "ጀርባዎ እንዴት ነው ጋሽ በየነ?" ይሏቸዋል። "አስሜ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ እሳቸው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እሳቸው ግን አልቀሩም። እሑድ እሑድ የመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ፣ ስፕሬያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ትዕግሥት ከጎናቸው።

እኔ እበግናለሁ። ሥራ ቀይሬ ከመሄዴ በፊት የመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ፣ ከስተው፣ በሁለት ትራስ ተደግፈው ቤታቸው ቁጭ ብለው አገኘኋቸውና "ጋሼ፣ ለምን አይተዉትም? ሰላም እንኳ በቅጡ ለማይሉዎት ሰዎች በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጀርባ፣ ምን ያመላልስዎታል?" አልኳቸው።

"ኧረ ተይ" አሉኝ። "እኔ ከቀረሁ ልጅቷ መድኃኒቷን ማን አጠገብ ቁጭ ብላ ትስባለች?"

የቀብሩ ቀን ነው ከትዕግሥት ጋር ስልክ የተለዋወጥነው። ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሑድ ማታ ደወልኩላት። መድኃኒቷን እንደማታቋርጥ ነገረችኝ፤ ድምፅዋም ደህና ነው።

"ዛሬ ሄድሽ?" አልኳት።

"በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ" አለችኝ።